ፊዚክስ ይከብደኛል፣ ራዲዮግራፊ ደርሶኛል፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ምስል ትምህርት ክፍል ደርሶኛል። ባዮሎጂ ደስ ይለኛል፤ ፊዚክስ ግን ድሮም አይገባኝም። ቀድመውኝ የገቡ ልጆች ‹ብዙ ሰው የሚወድቀው በጨረር ፊዚክስ ነው› አሉኝ። በእርግጥ ምን ያህል ከባድ ነው? ምን ምን እንማራለን? ልምምድ ስወጣ ምን ላይ ላተኩር? በኋላስ አልትራሳውንድ ይሻለኛል ወይስ ሲቲ?»

እንኳን ደስ አለሽ። ከፊዚክሱ እጀምራለሁ፤ የቀረው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነውና። ልጆቹ የነገሩሽ ውሸት አይደለም፤ ምክንያቱ ግን ሒሳቡ አይደለም። ለዕለት ሥራው የሚያስፈልግሽ ሒሳብ ማባዛት፣ ማካፈል፣ የቁጥር ካሬ፣ ትንሽ ሎጋሪዝምና የግማሽ ዕድሜ ስሌት ነው። ተማሪን የሚጥለው ፊዚክሱን በአንድ ደብተር፣ አናቶሚውን በሌላ ደብተር፣ የታካሚ አቀማመጡን በሦስተኛ ደብተር ይዞ ሦስቱ ጭራሽ እንደማይተዋወቁ አድርጎ ማጥናቱ ነው። ፈተናው ግን አንድ ምስል ይዞ ይመጣል፤ «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ? ምን ታስተካክያለሽ?» ይላል። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ሦስቱን ደብተሮች አንድ ላይ የሰፋ ሰው ነው።

ትምህርቱ እንደየአገሩ 3 ወይም 4 ዓመት ይወስዳል። መጀመሪያ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ መሠረታዊ ፊዚክስና የታካሚ እንክብካቤ ይመጣሉ። ቀጥሎ የራጅ አነሳስ ዘዴ፣ የጨረር ፊዚክስ፣ ከጨረር መከላከል፣ ስለ ማሽኖቹ አሠራርና ፓቶሎጂ ትማሪያለሽ። ወደ መጨረሻው ሲቲ፣ ኤምአርአይ፣ አልትራሳውንድና ኑክሌር ሜዲስን (ጨረር የሚያመነጭ መድኃኒት ለታካሚው ተሰጥቶ የሚደረግ ምርመራ) ይገባሉ። በየዓመቱ የሆስፒታል ልምምድ አለ። አንድ ነገር ካሁኑ ይለይልሽ፦ ራዲዮሎጂስት ምስሉን አንብቦ ውጤት የሚጽፈው ሐኪም ነው፤ አንቺ የምትሆኚው ራዲዮግራፈር ደግሞ ምስሉ ለመነበብ የሚበቃ እንዲሆን የምታደርግ ባለሙያ ናት። ራዲዮግራፈሯ ሳታነሳው የቀረችውን ነገር ራዲዮሎጂስቱ ሊያነበው አይችልም።

አሁን ወደ ቱቦው። ኤክስሬይ ቱቦ ውስጥ የሚሆነውን በዓይነ ሕሊናሽ ተመልከቺው። በአንደኛው ጫፍ ቀጭን የተንግስተን ሽቦ ይግልና ኤሌክትሮኖች ይለቃል። እነዚያ ኤሌክትሮኖች በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ቮልት ተጎትተው ወዲያኛው ጫፍ ካለው የተንግስተን ገበታ ጋር ይላተማሉ። ከግጭቱ ጉልበት 99 ከመቶ ያህሉ ሙቀት ይሆናል፤ ኤክስሬይ የሚሆነው 1 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ገበታው የሚሽከረከረው፣ ቱቦው በዘይት የተከበበው፣ ጠዋት ማሽኑ ሲከፈት መጀመሪያ በትንሽ በትንሹ የሚሟሟቀው ለዚህ 99 ከመቶ ሲባል ነው። ሌሊቱን በቀዘቀዘ ገበታ ላይ በአንድ ጊዜ ከባድ ጨረር የለቀቀ ሰው ገበታውን ሊሰነጥቀው ይችላል። አየሽ፣ አንዲት ቁጥር ሁለት የማሽን ክፍሎችንና አንድ የጠዋት ልማድ አስረዳች። የጨረር ፊዚክስ ሲጠና እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱን ቁጥር «ይህ የትኛውን የእጅ ሥራ ያስረዳል?» ብለሽ ጠይቂው።

መቆጣጠሪያው ላይ የምትጫወቺው በዋናነት በሁለት ቁጥሮች ነው። ኬቪፒ ኤሌክትሮኖቹ የሚጎተቱበት ኃይል ነው፤ የጨረሩን ዘልቆ የመግባት አቅምና የምስሉን ንፅፅር ይወስናል። ኤምኤኤስ የጨረሩ ብዛት ነው፤ ሚሊአምፔሩ በሰከንድ ሲባዛ ይገኛል። 200 ሚሊአምፔር ለ0.1 ሰከንድ 20 ኤምኤኤስ ነው፤ 400 ሚሊአምፔር ለ0.05 ሰከንድም ያው 20 ነው። የጨረሩ መጠን አንድ ቢሆንም ሁለቱ አንድ አይደሉም፦ የሚንቀሳቀስ ሕፃን ፊትሽ ከተኛ ሁለተኛውን ትመርጫለሽ፤ ጊዜው ካጠረ መንቀጥቀጡ ምስሉን አያደበዝዘውም።

በቃልሽ ልትይዢው የሚገባ አንድ ሕግ አለ፤ የ15 ከመቶ ሕግ ይባላል። ኬቪፒን በ15 ከመቶ መጨመር ዲቴክተሩ (ጨረሩን ተቀብሎ ምስል የሚያወጣው ሰሌዳ) ላይ ለሚደርሰው ጨረር ኤምኤኤስን እጥፍ የማድረግ ያህል ነው። 70 ኬቪፒ በ20 ኤምኤኤስ የምታነሺውን ሆድ 80 ኬቪፒ በ10 ኤምኤኤስ ልታነሺው ትችያለሽ ማለት ነው። ታካሚው የሚወስደው ጨረር ይቀንሳል፤ በልዋጩ ንፅፅሩ ጥቂት ይቀንሳል፣ የሚበተነው ጨረርም ይበዛል። ተማሪ ብዙ ጊዜ ሕጉን ይሸመድድና ልዋጩን ይረሳል። ፈታኝ የሚጠይቀው ደግሞ ልዋጩን ነው።

ሁለተኛው የርቀት ካሬ ሕግ ነው። ርቀት እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል። ይህን የማይሸመድድ የለም፤ የሚያሳስተው ዋርድ ውስጥ ሲሆን ነው። ቁጥሩን ላሳይሽ። አንድ ታካሚ ሊነሳ ስለማይችል ተንቀሳቃሽ ማሽን ይዘሽ አልጋው ድረስ ሄድሽ እንበል። በ180 ሴንቲ ሜትር 4 ኤምኤኤስ የሚበቃ ደረት ነው። ክፍሉ ጠባብ ሆኖ ከ120 ሴንቲ ሜትር በላይ መራቅ አልቻልሽም። 120ን ለ180 ስታካፍይ 0.667፣ ካሬው 0.444 ነው፤ በ4 ሲባዛ 1.8 ኤምኤኤስ ገደማ ይመጣል። ቁጥሩን ሳትቀይሪ በ4 ከለቀቅሽው ታካሚው ከሚያስፈልገው 2.25 እጥፍ ወሰደ። የሚያሳዝነው ነገር ምስሉ ያማረ ሆኖ መውጣቱ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዲጂታል ምስል ከመጣ ወዲህ ተማሪን ከሁሉ በላይ የሚያዘናጋው ይህ ነው። በፊልም ዘመን ጨረር የበዛበት ምስል ይጠቁር ነበር፤ ስህተቱ ፊት ለፊት ያፈጥብሻል። ዲጂታል ማሽን ግን ድምቀቱን ራሱ ያስተካክለዋል። ጨረር ሲያንሰው ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ሲበዛበት ጥርት ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ባለሙያው ሳይታወቀው ቀስ በቀስ ቁጥሩን ከፍ እያደረገ ይለምዳል። ማነው የሚነግርሽ? ከምስሉ ጥግ ላይ የሚጻፈው የዴቪዬሽን ኢንዴክስ ነው። 0 ከሆነ ልክ የታለመው መጠን ዲቴክተሩ ላይ ደርሷል፤ +3 እጥፍ ነው፤ −3 ግማሽ ነው። የዋርዱ ታካሚ፣ 2.25 እጥፍ የወሰደው፣ +3.5 አካባቢ ያወጣል። (ሎጋሪዝም ያስፈልግሻል ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ የ2.25 ሎጋሪዝም በ10 ሲባዛ ነው።) ምስል በወጣ ቁጥር ከአጥንቱ በፊት ይህችን ቁጥር ማየት ይልመድብሽ። ቁጥሯም ብትሆን ጨረሩ የታለመውን ክፍል በትክክል ካልያዘና ኮሊሜሽኑ (ጨረሩ የሚያርፍበትን ስፋት የሚገድበው) ከሰፋ ልትዋሽ ትችላለች፤ ስለዚህ ከምስሉ ጋር አዛምደሽ አንብቢያት።

ሦስቱ ደብተሮች አንድ ላይ ሲሰፉ ምን እንደሚመስል ለማየት የደረት ራጅን እንውሰድ። እጅግ የተለመደው ምርመራ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ታካሚው ቆሞ ደረቱን ዲቴክተሩ ላይ ያስጠጋል፤ ጨረሩ ከጀርባው ይመጣል፤ ርቀቱ 180 ሴንቲ ሜትር ነው። ለምን ከጀርባ? ልብ ወደ ፊት ስለሚያደላ ለዲቴክተሩ እንዲቀርብ ነው። ጥላን አስቢ፦ እጅሽ ከግድግዳው በራቀ ቁጥር ጥላው ይገዝፋል። የማጉላቱ መጠን ከቱቦ እስከ ዲቴክተር ያለው ርቀት ከቱቦ እስከ አካሉ ላለው ርቀት ሲካፈል ነው። ልቡ ከዲቴክተሩ 10 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ 180 ለ170 ሲካፈል 1.06 ነው፤ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ልብ ምስሉ ላይ 12.7 ሆኖ ይታያል። ያንኑ ሰው አልጋ ላይ በጀርባው አስተኝተሽ በ100 ሴንቲ ሜትር ብታነሺው ልቡ ከዲቴክተሩ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊርቅ ይችላል፤ 100 ለ82 ሲካፈል 1.22 ነው፤ ያው ልብ 14.6 ሆነ። ሰውየው ምንም ሳይሆን ልቡ ያበጠ መሰለ። የልብ ስፋት ከደረት ስፋት ግማሹን ማለፍ የለበትም የሚባለው መለኪያ ከኋላ ወደ ፊት ለተነሳ ምስል የወጣው ለዚህ ነው። አስተኝተሽ ያነሳሽውን ምስል «በጀርባ ተኝቶ የተነሳ» ብለሽ ካልጻፍሽበት አንባቢውን አሳሳትሽው።

አገጩን ቀና ያደርጋል፤ ካልሆነ አገጩ የሳንባውን ጫፍ ይጋርዳል። እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ ትከሻውን ወደ ፊት ይገፋል፤ ስካፑላ የሚባሉት ጠፍጣፋ የጀርባ አጥንቶች ከሳንባው ላይ እንዲወጡ ነው። ብዙ ተማሪ «ትከሻዎን ወደ ፊት» ብሎ ብቻ ያልፋል፤ ታካሚው ደግሞ ትከሻውን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ክርኑን በቀስታ ይዘሽ ወደ ፊት ማገዝ ይሻላል። አስቀድመሽ እንደምትነኪው ንገሪው። ትንፋሹን ሁለት ጊዜ አስቢው፦ አንዴ ይስባል፣ ያስወጣል፣ በሁለተኛው ጥልቅ አድርጎ ስቦ ይይዛል። ሁለተኛው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይሻላል። መያዙን በጆሮሽ አትመኚ፤ ደረቱ መቆሙን በዓይንሽ አይተሽ ልቀቂ።

ኬቪፒው ከ110 እስከ 125 ነው፤ ከግሪድ (የተበተነውን ጨረር ከዲቴክተሩ በፊት የሚያስቀር የእርሳስ ንጣፎች ያሉት ሰሌዳ) ጋር። ይህን ያህል ከፍ የሚለው የጎድን አጥንቶች ንፅፅር እንዲቀንስና ከኋላቸው ያለው ሳንባ እንዲታይ ነው። ጊዜው እጅግ አጭር፣ ከ20 ሚሊሰከንድ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ልብ ትንፋሽ አይዝም። ምስሉ ሲወጣ ቁጠሪ፦ ከድያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) በላይ ከኋላ 9 ወይም 10 የጎድን አጥንት፣ ከፊት 6 ያህል። ከዚያ የሁለቱ ክላቪክሎች (የአንገት ሥር አጥንቶች) ውስጠኛ ጫፍ ከአከርካሪው መሃል እኩል መራቁን ተመልከቺ። እኩል ካልሆነ ታካሚው ዞሯል፤ አንዱ ሳንባ ከሌላው ጠቁሮ ይታያል፣ ልቡም ቅርጹን ይቀይራል፤ በሽታ የሌለበት ሰው በሽታ ያለበት ይመስላል። የሳንባው ጫፎችና የታችኞቹ ሁለት ማዕዘኖች ገብተዋል? ትንሽ ፈሳሽ መጀመሪያ የሚጠራቀመው እነዚያ ማዕዘኖች ውስጥ ነው፤ እነሱን የቆረጠ ምስል ይደገማል።

ከእያንዳንዱ አቀማመጥ ጀርባ እንዲህ ያለ ምክንያት አለ። ሌላ አንድ ብቻ ልጨምር፤ የክርን የጎን ምስል። መጽሐፉ «90 ዲግሪ ይታጠፍ፤ ትከሻ፣ ክርንና የእጅ አንጓ በአንድ ከፍታ ይሁኑ» ይላል። ለምን 90? ክርን ውስጥ መገጣጠሚያውን የሚያለብሱ የስብ ንጣፎች አሉ። መገጣጠሚያው ውስጥ ደም ከፈሰሰ የፊተኛው ንጣፍ እንደ ጀልባ ሸራ ይነሳል፤ በደህና ክርን የማይታየው የኋለኛውም ብቅ ይላል። አደጋ የደረሰበት ሰው ላይ ይህ ከታየ ስብራቱ በግልጽ ባይታይ እንኳ ይጠረጠራል፤ በአዋቂ ብዙውን ጊዜ የራዲየስ (በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት) ራስ ላይ፣ በልጅ ከክርን በላይ ባለው አጥንት ላይ። አሁን ታካሚው አመመኝ ብሎ ክንዱን ዘርግቶ ሳለ አነሳሽው እንበል። ክርን ሲዘረጋ አጥንቱ ራሱ የኋለኛውን ንጣፍ ገፍቶ ያወጣዋል፤ ጉዳት ሳይኖር ምልክቱ ታየ። «90 ዲግሪ» የሚለውን እንዲህ ከያዝሽው ፈተና ላይም ታካሚ ፊትም አይጠፋሽም። ክንዱን በግድ ማጠፍ ግን ክልክል ነው፤ የተጎዳ ሰው እንዳለ ይቀመጥና ቱቦውና ዲቴክተሩ ወደ እሱ ይዞራሉ።

እንግዲህ የማጥኛ ዘዴሽ ይህ ይሁን፦ ከምስል ወደ ኋላ ማንበብ። በቀን አንድ ምስል ያዢ። መጀመሪያ የሚታየውን አጥንትና አካል ሁሉ በስሙ ጥሪ፤ ቀጥሎ ታካሚው እንዴት እንደተቀመጠ ከምስሉ ፍረጂ፤ በመጨረሻ ኬቪፒው፣ ኤምኤኤሱ፣ ርቀቱ ስንት እንደነበር ገምቺና ከተጻፈው ጋር አስተያዪው። መጀመሪያ ግምትሽ ይራራቃል፤ ሳምንታት ሲያልፉ ይቀራረባል። ሃያ ገጽ ደጋግሞ ከማንበብ ይህ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። አናቶሚንም ከመጀመሪያው በሦስት አቅጣጫ ያዢው፤ ከፊት፣ ከጎን፣ በአግድም ተቆርጦ። በአግድም የተቆረጠ ምስል ከታካሚው እግር በኩል እንደሚታይ ሆኖ ነው የሚነበበው፤ ጉበቱ በአንቺ ግራ ይሆናል። ይህን በመጀመሪያ ዓመት ያልለመደ ሰው ሲቲ ላይ ሲደርስ አናቶሚን እንደ አዲስ ሊማር ነው።

ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ጊዜ ካለሽ የትኛውን ፊዚክስ ልከልስ ትይ ይሆናል። የአቶም አወቃቀር፣ ቮልቴጅና ፍሰት፣ የማዕበል ፍጥነት ከድግግሞሹና ከርዝመቱ ጋር ያለው ዝምድና፣ የርቀት ካሬ ሕግ፣ ሎጋሪዝምና ግማሽ ዕድሜ። መካኒክሱን ተይው። ግማሽ ዕድሜን በምሳሌ ያዢው፦ ኑክሌር ሜዲስን በብዛት የሚጠቀምበት ቴክኒሺየም-99ኤም ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ነው። 800 ሜጋቤኬሬል (የጨረር አመንጪነት መለኪያ) ከነበረ ከ6 ሰዓት በኋላ 400፣ ከ12 ሰዓት በኋላ 200 ይቀራል። ለፔት (የኑክሌር ሜዲስን አንዱ ዓይነት) ምርመራ የሚውለው ፍሎሪን-18 ደግሞ 110 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ታካሚው ካረፈደ መጠኑ እንደገና ይሰላል።

ስለ ጨረር መከላከል የሚጠየቁት ቁጥሮች ጥቂት ናቸው፤ በትክክል ያዣቸው። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ለሠራተኛ ያስቀመጠው ጣሪያ በ5 ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (አካል የሚወስደው ጨረር መለኪያ) ነው፤ በየትኛውም ነጠላ ዓመት ከ50 ማለፍ የለበትም። ለሕዝብ በዓመት 1 ነው። ለዓይን ሌንስ በዓመት በአማካይ 20፣ ለእጅና ለቆዳ 500። ለታካሚ ጣሪያ የለውም፤ ምርመራው ማስፈለጉና መጠኑ የተቻለውን ያህል ማነሱ ነው የሚጠየቀው። ለማነጻጸር፣ የደረት ራጅ ወደ 0.02 ሚሊሲቨርት ሲሆን የሆድና የዳሌ ሲቲ ወደ 10 ሊጠጋ ይችላል። የጨረር መለኪያሽን በየቀኑ አድርጊ። የእርሳስ ሽርጡን አጥፈሽ አታስቀምጪ፤ ውስጡ ይሰነጠቅና ጨረር ያሳልፋል፣ ከላይ ግን አያስታውቅም። ጨረር ሲለቀቅ ታካሚውን ደግፎ መያዝ ካስፈለገ ተማሪ አይያዘው፤ ቤተሰብ ሽርጥ ለብሶ ይያዘው።

ቆየት ያሉ መጻሕፍት የታካሚውን የመራቢያ አካል በእርሳስ መሸፈን ግዴታ እንደሆነ ያስተምራሉ። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር በ2019 ይህ እንደ ዘወትር ልማድ እንዲቀር መክሯል። ምክንያቱ በራሱ የፊዚክስ ትምህርት ነው፦ እርሳሱ ራሱ መጠን የሚለካው የማሽን ክፍል ላይ ካረፈ ማሽኑ «ጨረር አልደረሰኝም» ብሎ ይጨምራል። የሚበቃ ጥበቃ የሚሰጠው ኮሊሜሽን፣ ትክክለኛ ቁጥርና ምስሉን አለመድገም ነው። የምትለማመጂበት ሆስፒታል የተለየ መመሪያ ካለው ግን እሱን ተከተይ።

ልምምድ ስትወጪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማሽኑን ተይና ሁለት ነገር ላይ ጽኚ። አንደኛው ማንነት ነው። «አቶ እገሌ ነዎት?» ብለሽ አትጠይቂ፤ የታመመ፣ ጆሮው የከበደ ወይም የተጨነቀ ሰው ለሁሉም «አዎ» ይላል። «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ፤ የተወለዱት መቼ ነው?» በይና ከማዘዣው ጋር አመሳክሪ፤ የሚያመው የትኛው ወገን እንደሆነም ራሱ ይንገርሽ። ሁለተኛው የቀኝና የግራ ምልክት ነው። ምልክቱ ጨረሩ ከመለቀቁ በፊት ከአካሉ ጎን ይቀመጥ። በኋላ በኮምፒውተር የሚጨመር ምልክት ከትዝታሽ የሚጻፍ ነው፤ ምስሉ በስህተት ተገልብጦ ከሆነ የሚያጋልጠው ነገር የለም።

ትንሽ ማስታወሻ ይኑርሽ፤ የታካሚ ስም የማይገባበት። ለእያንዳንዱ ያነሳሽው ምስል የአካሉን ውፍረት፣ ኬቪፒ፣ ኤምኤኤስ፣ ርቀት፣ ግሪድ መኖሩንና የዴቪዬሽን ኢንዴክሱን መዝግቢ። ምስሉ ከተደገመ ምክንያቱን ጻፊ። ተደጋግመው የሚመጡት አቀማመጥ፣ የተቆረጠ አካል፣ መንቀሳቀስና የግሪድ ስህተት ናቸው። የመጨረሻውን ለማወቅ አንድ ምልክት ልስጥሽ፦ ምስሉ መሃሉ ደህና ሆኖ ሁለቱ ጎኖቹ ከነጡ ግሪዱ ተገልብጦ ገብቷል፤ ቀጫጭን የእርሳስ ንጣፎቹ ወደ ጨረሩ ማዘንበል ሲገባቸው በተቃራኒው ስላዘነበሉ ዳር ዳሩን በልተውታል። ኤምኤኤስ ጨምሮ መድገም እዚህ ምንም አይረዳም፤ ታካሚው ጨረሩን ተቀብሎ ያው ምስል ይወጣል።

ስለ ሲቲ ባጭሩ። ምስሉ የቁጥሮች ሰንጠረዥ ነው፤ ቁጥሮቹም በፈልሳፊው በጎድፍሬይ ሀውንስፊልድ ስም ይጠራሉ። ውሃ 0፣ አየር −1000፣ ስብ −100 አካባቢ፣ ጠንካራ አጥንት ከ1000 ሊያልፍ ይችላል። ዓይን ይህን ሁሉ በአንዴ ስለማይለይ «መስኮት» ይከፈታል። የአንጎል መስኮት ስፋቱ 80፣ መሃሉ 40 ነው፤ ከ0 እስከ 80 ያለውን ብቻ ያሳያል። በዚያው መስኮት ሳንባን ብታዪ ጥቁር ብቻ ነው፤ ሳንባ 1500 ስፋት፣ −600 መሃል ይፈልጋል። ተማሪ በብዛት የሚስተው የጠረጴዛውን ከፍታ ነው፦ ታካሚው ከማሽኑ ክብ መሃል ከወጣ ማሽኑ ውፍረቱን አሳስቶ ይገምታል፤ ወይ ጨረር ያበዛል ወይ ምስሉ ይሻክራል። ኮንትራስት መድኃኒት (አካሉ በምስሉ ላይ ጎልቶ እንዲታይ በመርፌ የሚሰጥ) ሲሰጥ ደግሞ ሰከንድ ይቆጠራል፤ ጉበትን በደንብ የሚያሳየው ጊዜ መርፌው ከጀመረ 70 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። አለርጂና የኩላሊት አቅም ከዚያ በፊት ይጠየቃል፤ መድኃኒቱ ሲገባም ክንዱ እንዳያብጥ ይታያል።

ኤምአርአይ ጨረር የለውም ማለት አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ማግኔቱ ሌሊትም፣ መብራት ሲጠፋም እየሠራ ነው። የኦክስጅን ሲሊንደር ይዞ የገባ ሰው ሲሊንደሩን ወደ ታካሚው ተወንጭፎ ሊያየው ይችላል። ታካሚው ውስጥ እያለ እጁን ወይም እግሩን ካጠላለፈ ቆዳ ለቆዳ በተነካካበት ቦታ ሊቃጠል ይችላል፤ መሃል ላይ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ይገባል። ለፈተናው፣ ከኤምአርአይ ሁለት ዋና የምስል ዓይነቶች ቲ1 ላይ ስብ ነጭ፣ ውሃ ጥቁር፤ ቲ2 ላይ ውሃ ነጭ ብለሽ ጀምሪ፤ የቀረውን ከዚያ ላይ ትገነቢያለሽ።

አልትራሳውንድ ወይስ ሲቲ? አሁን አትወስኚ፤ የራጁ መሠረት ሳይጠና ሁለቱም አይያዙም። የሚለያዩበትን ግን ልንገርሽ። ሲቲ ፈጣን ነው፤ ድንገተኛ ታካሚ፣ መርፌ፣ ብዙ ውሳኔ በአጭር ጊዜ። ጥሩ ፕሮቶኮል ያለበት ቦታ ሁለት ባለሙያዎች ተቀራራቢ ምስል ያወጣሉ። አልትራሳውንድ ግን ያው አንቺ ነሽ፤ ያላየሽው ነገር የትም አልተመዘገበም። ማሽኑ ድምፅ በሰውነት ውስጥ በሰከንድ 1540 ሜትር ይሄዳል ብሎ ያሰላል። ለሆድ ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ፣ ለታይሮይድና ለቅርብ አካል ከ7 እስከ 15 ትመርጫለሽ፤ ድግግሞሹ ሲጨምር ዝርዝሩ ይጠራል፣ ጥልቀቱ ያጥራል። የሐሞት ጠጠር ራሱ ደምቆ ከኋላው ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ ታካሚውን በጎኑ ስታዞሪው ይንከባለላል፣ ከግድግዳው የተጣበቀ እብጠት ግን አይንቀሳቀስም። ታካሚው ከምርመራው በፊት ለ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ካልጾመ የሐሞት ከረጢቱ ይኮማተርና ይህ ሁሉ አይታይም።

ከታካሚ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ተቀምጦ በእጅ እየፈለጉ ማግኘት ደስ የሚልሽ ከሆነ አልትራሳውንድ ይስማማሻል። ያንን ከመረጥሽ የትከሻና የእጅ አንጓ ሕመም የሙያው ትልቅ ችግር መሆኑን ካሁኑ እወቂ፦ ፕሮቡን (ታካሚው አካል ላይ የሚያርፈውን የማሽኑን እጀታ) አታንቂው፣ ክንድሽን ከ30 ዲግሪ በላይ ከጎንሽ አትለይው፣ ታካሚውን ወደ አልጋው ጠርዝ አስጠጊው፣ ወንበርሽን ከእያንዳንዱ ታካሚ በፊት አስተካክይ። ይህን በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ያልጀመረ እጅ በኋላ ልማዱን ለመቀየር በጣም ይቸገራል።